ተዝካሩ የተበላለት ቤተሰብ

ዝርያ መመደብ የመዝገብ ቤት ሥራ እንጂ ሳይንስ አይደለም የሚሉኝን ሰዎች ከእንግዲህ በትዕግሥት አላዳምጥም። የምርምር ገንዘብ የሚያድል አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ ያስገባሁትን ማመልከቻ ሲመልስልኝ ገምጋሚው ዳር ላይ በቀይ እስክሪፕቶ «ስም መቁጠር ነው» ብሎ ጽፎበት ነበር። ሦስት ቃል። ሰውየው ስም ቆጥሮ አያውቅም ማለት ነው። ቢያውቅ ኖሮ ከዚህ የበለጠ ኃላፊነት ያለበት ሥራ ጥቂት እንደሆነ ይገባው ነበር። አንድ ፍጡር ያለ ስሙ ከተመዘገበ ታሪኩ ይጠፋል፤ ያለ ዘመዱ ከተጻፈ ዘሩ ይበላሻል፤ ሳይሞት ሞተ ከተባለ ደግሞ የሚፈልገው አይኖርም።

ይህ ሦስተኛው ነገር በእውነት ደርሷል። ከ54 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ዘሩ ጠፋ ተብሎ ተዝካሩ የተበላለት የባሕር ፕላንክተን ቤተሰብ በጃፓንና በክሮኤሺያ ባሕር ዳርቻ በሕይወት ተገኝቷል። ግኝቱ የታተመው በ2015 ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ቤተሰቡ ዋትዝናወሪያሴ ይባላል። ምላስ የሚያስር ስም ነው፤ ግን ዳይኖሰር በምድር ላይ ሲንጎራደድ የነበረውን ባሕር ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ይህን ስም ሳይጠራ አያልፍም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ ከፍጡሩ ልጀምር። ይህ ቤተሰብ የኮኮሊቶፎሮች ቤተሰብ ነው፤ ኮኮሊቶፎር ደግሞ ባለ አንድ ሕዋስ አልጌ ነው። የፀሐይ ብርሃን በሚደርስበት የባሕሩ የላይኛው ክፍል ይኖራል፤ ከውኃው ካልሲየምና ካርቦን ወስዶ ከካልሳይት የተሠሩ ክብና ሞላላ ሰሌዳዎችን በሆዱ ውስጥ ያበጃል፣ ወደ ውጭ ያወጣና ይለብሳቸዋል። እያንዳንዱ ሰሌዳ ኮኮሊት ይባላል፤ ስፋቱ ጥቂት ማይክሮን ነው፣ ማይክሮን ደግሞ የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። አልጌው ሲሞት ሥጋው ይበሰብሳል፣ ልብሱ ይበተናል፣ ሰሌዳዎቹ ወደ ባሕሩ ወለል ይወርዳሉ። እኛ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በኋላ ደርሰን የምናገኘው ባለቤቱን ሳይሆን የተበተነ ልብሱን ነው። የምደባው ጣጣ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ታዲያ ከተበተነ ሰሌዳ ዝምድና እንዴት ይመሰከራል? በመልክ አይደለም። መልክ ይዋሻል። ሞላላነት፣ ትልቅነት፣ መሐሉ ላይ ያለው ቀዳዳ፣ እነዚህ ሁሉ ከባሕር ባሕር ይለያያሉ። የማይዋሸው የክሪስታሉ አሰላለፍ ነው። የዋትዝናወሪያሴ ኮኮሊት አንዱ በአንዱ ላይ የተደረበ፣ በመሐል በአጭር ቱቦ የተያያዘ ሁለት ጋሻ አለው። ካልሳይቱ ሲሠራ ክሪስታሎቹ በሁለት ዓይነት አቅጣጫ ይሰለፋሉ፦ አንደኛው ወገን ዘንጉን ቀጥ አድርጎ ያቆማል፣ ሌላው ከመሐል ወደ ጠርዝ ያስተኛዋል። በፖላራይዝድ ብርሃን ማይክሮስኮፕ ስታዩት የቆመው ይጨልማል፣ የተኛው ያበራል። ጄረሚ ያንግና ፖል ባውን በ1990ዎቹ መጀመሪያ እንዳብራሩት ይህ አሰላለፍ ሕዋሱ ሰሌዳውን መሥራት ሲጀምር፣ ገና በመጀመሪያው የክሪስታል ቀለበት ላይ ይወሰናል። ባሕሩ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ፣ ምግብ ሲበዛና ሲያንስ የሚለዋወጥ ነገር አይደለም። ከአያት የወረደ ነው። እኔ ቤተሰብ ብዬ የምቀበለው በዚህ ላይ የቆመውን ብቻ ነው፤ ከዚህ ውጭ በጠርዝ ቅርጽና በቀዳዳ ስፋት ቤተሰብ የሚሠራ ሰው የሚሠራው ለራሱ ዝና ነው።

ወደዚህ ደረጃ የተደረሰበት መንገድም ውርደት ያለበት ነው። ኤረንበርግ የተባለ ተመራማሪ በ1836 ከጠመኔ ድንጋይ ውስጥ እነዚህን ሰሌዳዎች ሲያይ ሕይወት ያላሠራቸው ማዕድናት ናቸው አለ። ሃክስሊ በ1858 ከአትላንቲክ ወለል በተዛቀ ጭቃ ውስጥ አገኛቸውና ኮኮሊት የሚለውን ስም ሰጣቸው፤ እሱም ከሕያው ፍጡር መምጣታቸውን አልተቀበለም። እውነቱን ያወጡት በ1860 አካባቢ ሶርቢና ዎሊች ናቸው፣ ያወጡትም ሙሉውን ኳስ፣ ሰሌዳዎቹ በቦታቸው ተደርድረው ያሉበትን በማየት ነው። ይህን ያዙልኝ። ሙሉው ኳስ ሲታይ ክርክሩ ያልቃል፤ የተበተነው ሰሌዳ ብቻ ሲታይ ትልልቆቹም ይሳሳታሉ።

ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመጣ ደግሞ ሌላ በሽታ መጣ። ብላክና ባርንስ በ1959 የእንግሊዝን የጠመኔ ድንጋይ ኮኮሊቶች አወቃቀር አሳተሙ፤ ዛሬ ዋትዝናወሪያ ባርነሴ የምንለው ዝርያ ከዚያ ሥራ የወጣ ነው። ራይንሃርት በ1964 ዋትዝናወሪያ የሚለውን ወገን (ጂነስ) አቆመ። ዴኒዝ ኖኤል በ1965 የአውሮፓንና የሰሜን አፍሪካን የጁራሲክ ኮኮሊቶች በአንድ ትልቅ ሥራ አቅርባ ኤሊፕሳጀሎስፌራና ሳይክላጀሎስፌራ የተባሉ ወገኖችን ሰየመች፤ ቤተሰቡንም በኤሊፕሳጀሎስፌራ ስም ጠራችው። ለዚህች ሴት ያለኝ አክብሮት ከፍ ያለ ነው፤ በዚያ ዘመን በነበረ መሣሪያ እንዲህ ያለ ሥራ መሥራት ዕድሜን መስጠት ነው። በ1971 ግን ሩድ፣ ሄይና ባርናርድ ከእንግሊዝ የኦክስፎርድ ሸክላ የተገኙ ኮኮሊቶችን ሲያጠኑ ቤተሰቡን ዋትዝናወሪያሴ አሉት። ከዚያ በኋላስ? በ1985 ፔርክ ኒልሰን ባዘጋጀችው ታላቅ ማጣቀሻ ውስጥ ቤተሰቡ በኖኤል ስም ተጠራ። በ1987 ባውን ባሳተመው የታችኛው ጁራሲክ ሥራ ውስጥ በሁለተኛው ስም ተጠራ። ተማሪ ሁለቱን መጽሐፍ ጎን ለጎን ይከፍትና ሁለት ቤተሰብ ያለ ይመስለዋል። ዛሬ በአብዛኛው የሚሠራበት ሁለተኛው ነው፤ ያ ጥሩ። እኔን የሚያናድደኝ ግን ሁለቱን ስም ለማስታረቅ አንድ ገጽ ማብራሪያ ለመጻፍ የማይተጉ ሰዎች በዚያው ዘመን አዲስ ዝርያ ለመሰየም ሲሽቀዳደሙ መኖራቸው ነው።

እስቲ የዋትዝናወሪያን ዝርያዎች እንያቸው። ባርነሴ መሐሉ የተዘጋ ወይም ለመዘጋት የቀረበ ነው። ፎሳሲንክታ መሐሉ ክፍት ነው። ብሪታኒካ ቀዳዳው ላይ ድልድይ ተዘርግቶበታል። በወረቀት ላይ ያምራል። ማይክሮስኮፑ ሥር ስትገቡ ግን በባርነሴና በፎሳሲንክታ መካከል ያለው ድንበር የት ነው? ቀዳዳው ቀስ እያለ ይጠብባል፣ ቀስ እያለ ይዘጋል፤ መስመሩን የሚያሰምረው ተፈጥሮ ሳይሆን የቆጣሪው ዓይን ነው። ለዚህም ነው ብዙ ተመራማሪዎች ሁለቱን አንድ ላይ ቆጥረው የሚያልፉት። ብሪታኒካም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም፤ በ2006 የታተመ፣ በደቡብ ጀርመን የላይኛው ጁራሲክ ድንጋይ ላይ የተሠራ ጥናት የዚህ ዝርያ ቅርጽና ብዛት ከነበረበት ባሕር ሁኔታ ጋር አብሮ እንደሚለዋወጥ አሳይቷል። እንግዲህ አንድ ሰው ከአንድ የተሰበረ ሰሌዳ፣ ከአንድ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ፎቶ ተነሥቶ «አዲስ ዝርያ አገኘሁ» ሲል የሰየመው ምኑን ነው? ምናልባት የሞቀውን ወቅት። ምናልባት ምግብ ያጠረበትን ባሕር። ምናልባት አሲድ የበላውን ጠርዝ።

አሲዱን በቀላሉ አላልፈውም። ዋትዝናወሪያ ባርነሴ ጠንካራ ነው፤ ሌሎቹ ሲሟሙ እሱ ይቀራል። ቲርስታይን በ1981 ባወጣው ሥራ መሠረት በአንድ የክሪቴሺየስ ዘመን ናሙና ውስጥ ባርነሴ ከ40 በመቶ በላይ ከሆነ ናሙናው ክፉኛ ሟምቷል ተብሎ ይጠረጠራል። በሌላ አነጋገር ባርነሴ ባሕሩን ሞልቶት ነበር ብለን የምንጽፈው አንዳንዴ የሞቱትን ሳይሆን የመሟሟትን ጉልበት እየቆጠርን ነው። ይህን የማያውቅ ቆጣሪ በመቶኛ የተሞላ ሰንጠረዥ አቅርቦ የጥንት ባሕር ሙቀት ሲተነትን ሰምቻለሁ፤ ሰንጠረዡ ያምር ነበር።

በሕያዋኑ ዘንድ የሆነውንም ስሙ። በ1960 ፓርክና አዳምስ የተባሉ ሁለት የእንግሊዝ ሴት ተመራማሪዎች ኮኮሊተስ ፔላጂከስ የሚባለውን አልጌ በቤተ ሙከራ አሳድገው አንድ አስደናቂ ነገር አዩ፦ ክሪስታሎሊተስ ሃያሊነስ ተብሎ በሌላ ወገን፣ በሌላ ዝርያ ስም ተመዝግቦ የነበረው ከዚያው አልጌ ወጣ። ሁለት ስም፣ አንድ ፍጡር፣ ሁለት የሕይወት ምዕራፍ። ሕያው ሆኖ ዓይናችን እያየው እንዲህ ካታለለን የጁራሲኩ ሰሌዳ ምን ያህል ያታልለን! ስለዚህ የእኔ አቋም ግልጽ ነው። አዲስ የጁራሲክ ዝርያ ሰይሜያለሁ የሚል ሰው ሰሌዳዎቹ ሳይበተኑ የቀሩበትን ኳስ ያሳየኝ፤ ኳስ ካላገኘ ከብዙ ቦታ የተለኩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰሌዳዎችን ያምጣ፤ ይህም ከሌለው ዝም ይበል። ኳስ አይገኝም የሚሉኝ አሉ። ይገኛል። ኦክሲጅን ባነሰበት ወለል ላይ፣ ለምሳሌ በእንግሊዝ የኪመሪጅ ሸክላ ውስጥ ባሉት ነጫጭ የኮኮሊት ስስ ንጣፎች ውስጥ የፈለገ ያገኛል። የኪመሪጅ ሸክላ የሰሜን ባሕር ነዳጅ ዘይት ምንጭ ድንጋይ ስለሆነ ገንዘብ ያለው ሁሉ አገላብጦታል፤ ሰበብ የለም።

አሁን ወደ ተዝካሩ ልመለስ።

የዋትዝናወሪያሴ ታሪክ የሚጀምረው በታችኛው ጁራሲክ፣ ሎታሪንጊየስ በሚባለው ወገን ነው፤ ከ190 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት። ከ170 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ባጆሲያን በሚባለው ዘመን መግቢያ አካባቢ፣ ዋትዝናወሪያ ተነሥቶ ውቅያኖሱን ወረሰ። የብሪታኒካ የመጀመሪያ መታየት እስከ ዛሬ ድንጋይን ዘመን ለመስጠት የሚያገለግል ምልክት ነው። ከዚያ በክሪቴሺየስ ሙሉ ገዛ። ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ዳይኖሰርን የጨረሰው ጥፋት ከካልሳይት ሠሪ ፕላንክተን ዝርያዎች ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑትን ጠራርጎ ወሰደ። ዋትዝናወሪያም አብሮ ሄደ። ዘመዱ ሳይክላጀሎስፌራ ግን ተረፈ፣ ከጥፋቱ ማግስት ባዶ በቀረው ባሕር ላይ በረከተ፣ ከዚያ እየሳሳ ሄዶ በኢዮሲን ዘመን መጀመሪያ ላይ፣ ከ54 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ከመዝገብ ጠፋ። መጻሕፍቱ «ጠፋ» አሉ። ነጥብ።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ኦስትሪያዊው ኤርዊን ካምፕትነር በ1940፣ ኖኤል ሳይክላጀሎስፌራን ከመሰየሟ 25 ዓመት በፊት፣ ከአድሪያቲክ ባሕር ውኃ ተርጀስቲየላ አድሪያቲካ የተባለ ሕያው ኮኮሊቶፎር ገልጾ ነበር። ጽሑፉ ታትሟል። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጧል። ቅሪተ አካል አጥኚዎቹ ግን የሕያዋኑን መደርደሪያ አያነቡም፤ የሕያዋኑ አጥኚዎች የቅሪተ አካሉን መደርደሪያ አይነኩም። እናም የቤተሰቡ ዘር አለቀ ተብሎ ሲጻፍ ዘሩ በአድሪያቲክ ዳርቻ እየዋኘ፣ ስሙም በወረቀት ላይ ሰፍሮ ነበር። ኪዮኮ ሃጊኖና ባልደረቦቿ፣ ያንግና ባውንም ከነሱ ጋር፣ በ2015 ባሳተሙት ጽሑፍ ያንን አልጌ እንደገና አገኙት፤ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አዩት፣ ከሳይክላጀሎስፌራ ጋር ያለውን የቅርብ ዝምድናም አሳዩ። ያን ያህል ሚሊዮን ዓመት ያለ አንድ ቅሪተ አካል!

እንዴት ሊሆን ቻለ? ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ስለሆነም የበለጠ ያናድዳል። ያለን መዝገብ በአብዛኛው ከጥልቅ ባሕር ወለል ላይ በመሰርሰር የተገኘ ነው። ይህ ቤተሰብ ግን ከጥፋቱ በኋላ የተጠጋው ወደ ባሕር ዳርቻ ነው፣ የዳርቻ ደለል ደግሞ ኮኮሊትን ጠብቆ ለማቆየት የሚመች አይደለም። የተቆፈረው እዚያ፣ እሱ ያለው እዚህ። ስለዚህ «ጠፋ» ብሎ የጻፈው ሁሉ መጻፍ የነበረበት «እኛ በሰረሰርንበት ቦታ አላገኘነውም» ብሎ ነበር። ልዩነቱ የሳይንስና የወሬ ልዩነት ነው። አንድ ተማሪ ፈተና ላይ እንዲህ ቢጽፍ ዜሮ እንሰጠው ነበር፤ የተከበሩ ማጣቀሻዎች ሲጽፉት ግን ለዓመታት አነበብነውና አስተማርነው።

ምን ይጠቅማል ለሚለው ገምጋሚም መልስ አለኝ። ከጁራሲክ በፊት በባሕር ውስጥ የሚከማቸው ኖራ በአብዛኛው የሚቀመጠው ጥልቀት በሌለው የአህጉር ዳርቻ ነበር። ካልሳይት ሠሪ ፕላንክተን ውቅያኖሱን ከወረሰ በኋላ ግን ኖራው ወደ ጥልቁ ወለል መዝነብ ጀመረ፣ ባሕሩ የአሲድነትን ለውጥ የሚቋቋምበት አቅም ተለወጠ፣ የምድር የካርቦን ሒሳብ ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው አልሆነም። ይህ መቼ ጀመረ፣ በማን ጀመረ፣ በምን ፍጥነት ተስፋፋ የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው የባጆሲያኑን ዋትዝናወሪያ በትክክል ለይቶ በመቁጠር ነው። ዛሬ ከጭስ ማውጫ የምንለቀው ካርቦን ባሕሩን ምን ያደርገዋል ብሎ የሚጨነቅ ሁሉ ይህን «ስም መቁጠር» ሳያውቀው ይጠቀምበታል። የነዳጅ ኩባንያዎች ደግሞ በደንብ አውቀው ይጠቀሙበታል፤ መሰርሰሪያው እንደ አሞናይት ያለውን ትልቅ ቅሪተ አካል ይፈጨዋል፣ ኮኮሊት ግን ከጥርሱ ያመልጣልና ከጣት ጫፍ በማትበልጥ ፍርፋሪ የድንጋዩ ዘመን ይታወቃል።

እኛስ? ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በጎሐ ጽዮን የወረደ ሰው በዓባይ ሸለቆ ውስጥ በጁራሲክ ባሕር ወለል ላይ እየነዳ ነው የሚያልፈው። ያ የኖራ ድንጋይ ትግራይም አለ፤ የአንታሎ የኖራ ድንጋይ የሚለውን ስም የሰጠው ብላንፎርድ የተባለ እንግሊዛዊ ነው፣ የመጣውም መቅደላን ሊያጠቃ ከዘመተው የኔፒየር ጦር ጋር ነው። ዓፄ ቴዎድሮስ በተሠዉበት ዘመቻ የመጣ ሰው የሰየመውን ድንጋይ እኛ ዛሬ በሲሚንቶ ፋብሪካ እንፈጨዋለን። መፍጨቱን አልቃወምም፣ ቤት መሥራት አለብን። ሉሲን ለማየት ሙዚየም የሚሄደው ሕዝብም ደስ ይለኛል፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሆናትን እናታችንን ማየት ተገቢ ነው። ግን ከእሷ ብዙ ጊዜ እጥፍ የሚያረጅ ባሕር እግራችን ሥር እያለ፣ በአንድ የማውቀው ትምህርት ክፍል የፖላራይዝድ ማይክሮስኮፑ ቁልፉ ጠፍቶ ሳጥን ውስጥ እንደታሸገ ተማሪዎች ተመርቀዋል። አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅ፤ አንታሎ በአብዛኛው ጥልቀት የሌለው ባሕር የሠራው ድንጋይ ነው፤ ኮራልና ዛጎል የሞላበት። እዚያ እንደ እንግሊዝ ጠመኔ በኮኮሊት የተጨናነቀ ነገር እናገኛለን ብሎ የሚሄድ ያዝናል። ይልቅ በኦጋዴን የኡራንዳብ ሸል ላይ ዓይኑን ይጣል፤ የባሕር ጭቃ ነው፣ ዘመኑም የላይኛው ጁራሲክ ነው።

አሁን ደግሞ ኮምፒውተር ይለየዋል፣ ሰው አያስፈልግም የሚሉ መጥተዋል። በፈረንሳይ ዶልፉስና ቦፎር ኮኮሊትን በራሱ የሚለይ ሥርዓት ያቀረቡት በ1999 ነው፤ አዲስ ነገር አይደለም፣ ጥሩ ነገርም ነው፤ የእኔን ዓይን ያሳርፋል። ነገር ግን ማሽኑ የሚማረው እኛ በሰጠነው ስም ነው። ባርነሴንና ፎሳሲንክታን በዘፈቀደ የለየ ሰው ያስተማረው ማሽን ያንኑ ዘፈቀደ በሰዓት አሥር ሺህ ጊዜ ይደግመዋል፣ ስህተቱንም ማንም አይጠይቀውም።

የቀረው የስም ጉዳይ ነው፣ በእሱ ላይ አልለሳለስም። ተርጀስቲየላና ሳይክላጀሎስፌራ አንድ ወገን ናቸው ከተባለ የስያሜ ሕጉ የሚለው የታወቀ ነው፤ የቀደመው ስም ይገዛል፣ የቀደመው የ1940ው ነው። በተጨማሪም ይህ ሕግ እንዲህ ባሉ አልጌዎች ላይ የሕያውን ስም ከቅሪተ አካሉ ስም ያስቀድማል። በሁለቱም መንገድ የካምፕትነር ስም ያሸንፋል። ሳይክላጀሎስፌራ ለዓመታት በሠራንበት ሠንጠረዥ ሁሉ ውስጥ አለ፣ መለወጥ ያደናግራል የሚሉትን እሰማለሁ። አንድ አይደሉም ካሉ ልዩነቱን በክሪስታል አሰላለፍ ያሳዩ። አንድ ናቸው ካሉ ሠንጠረዦቹን ያርሙ። የሚቀጥለው ማጣቀሻ ከመታተሙ በፊት ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ፣ ምርጫቸውንም በፊርማቸው ሥር በግልጽ ይጻፉት።